ያልተሟሸ ብረት

«የአባትህ አጥር ቀለሙ ተነሣ» አለችኝ እናቴ በስልክ።

መስመሩ ይቆራረጥ ስለ ነበር «ምኑ ተነሣ?» ብዬ መለስኩላት።

«ቀለሙ ነዋ! እንደ እባብ ቆዳ እየተገፈፈ ነው። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ እንደሚሆን አድርገው።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ሩዝ አጨዳው፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለ እኔ ጤና ስትጠይቀኝ ቆየች። የአጥሩን ነገር አልደገመችውም። እናቴን የሚያውቅ ሰው፣ አንድን ነገር አንድ ጊዜ ተናግራ ካለፈች ምን ያህል እንደ ከነከናት ይገባዋል።

ጊዜው ኅዳር 2012 ዓ.ም. ነበር። አባቴ ያረፈው በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ነው፤ የተቀበረውም ክርስትና በተነሣበት ደብር፣ በቁሐር ሚካኤል። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዙ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወረታ ይገኛል። አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። በግራ በኩል እስከ ጣና ድረስ የተዘረጋው ሜዳ ፎገራ ነው። ቁሐር ሚካኤል የወረታ ጎረቤት ነው። አፈሩ ጥቁር ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ውሃውን ይዞ አይለቅም። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ሐይቅ ይመስላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምትማ ውሃው ሰዉን ከቤቱ አስወጥቶት ነበር። ድሮ በከብቱ የታወቀው ፎገራ፣ ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩዝ ለምዶ ያንኑ ውሃ እንጀራ አድርጎታል። ውሃው ለሩዝ ሲሳይ ነው። ለብረት ግን ጠላት ነው። እዚያ አገር ማጭዱም፣ ማረሻውም፣ ቆርቆሮውም፣ የመቃብር አጥሩም የዓመቱን እኩሌታ በእርጥበት ውስጥ ነው የሚኖረው።

* * *

መቃብሩን በብረት ማጠር የእኔ ሐሳብ ነበር። እናቴ «ድንጋዩ ይበቃዋል» ብላ ነበር። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት አዲስ አበባ የኖርኩ የበኩር ልጅ ነኝ። አባቴ ሲታመም «ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እመጣለሁ» እያልኩ የቆየሁ፣ ለቀብሩም አፈር ከተመለሰ በኋላ የደረስኩ። እንዲህ ያለ ልጅ ነው አጥር የሚያሠራው።

መንፈቁ ከሰኔ ሚካኤል ጋር ተጠጋግቶ ዋለ። ሰኔ 12 ቀን ደብሩ በሰው ይሞላል። አጥሩ ያን ቀን ቆሞ፣ ተቀብቶ፣ አብረቅርቆ እንዲታይልኝ ፈለግሁ። ሰኔ 8 ቀን ወረታ ገባሁና ከአንድ ወጣት በያጅ ጋር ተዋዋልኩ። ለማዕዘኑ አንግል ብረት፣ ለመካከሉ ቱቦላሬ ገዛን። አንግሉ ደጅ ዝናብ ሲመታው የከረመ፣ ቀላ ቀላ ያለ ነበር። ቱቦላሬው ደግሞ አዲስ ሆኖ ከነዘይቱ ነው። ልጁ እጁ ፈጣን ነው፤ በአንድ ቀን ተኩል በይዶ ጨረሰ። ቀለሙ ላይ ሲደርስ ግን ቆም አለ።

«ጋሼ፣ ቀለሙን እንኳ ለበጋ ብናቆየው?» አለኝ። «ብረቱ ዝገት ይዟል። በሽቦ ብሩሽ መፈተግ፣ በብርጭቆ ወረቀት መታሸት፣ በቲነር መጠረግ አለበት። ከዚያ አንቲረስት ይፈልጋል። አየሩም እርጥብ ነው፤ አይዝልዎትም።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ፀሐይ ካገኘን ሦስት ቀን።»

«ፀሐዩን የምናገኘው መቼ ነው?»

ወደ ሰማይ አየ። ሰማዩ ወደ ጣና በኩል ጠቁሯል።

«ተወው፤ ዝም ብለህ ቀባው» አልኩት። «ቀለም አይደል? ይሸፍነዋል።»

ልጁ ሁለተኛ አልተናገረም። ገንዘቡ የእኔ፣ አባትየውም የእኔ፤ ምን አገባው? ሰኔ 10 ቀን በሁለት ዝናብ መካከል ጥሩ አረንጓዴ ሲንቴቲክ ቀለም ቀባን። ሰኔ 12 ቀን ቀለሙ ገና እጅ ይይዝ ነበርና አንዲት የአክስቴ ልጅ ተጠግታ ስትሳለም ነጠላዋ ላይ አረንጓዴ ጥለት ይዛ ተመለሰች። ቢሆንም አጥሩ አማረ። ሰው ሁሉ «እግዜር ይስጥህ፤ አባትህን አከበርክ» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ አዲስ አበባ ገባሁ። ደስታዬ አምስት ወር ቆየ።

* * *

ለሙት ዓመቱ ታኅሣሥ ውስጥ ሄድኩ። እናቴ እጄን ይዛ ወደ መቃብሩ ወሰደችኝ። ቀለሙ ከሩቅ ደህና ይመስላል። ሲጠጉት ግን እንደ ተዘፈዘፈ ባቄላ ቋጥሯል፤ እዚህም እዚያም አብጧል። እናቴ ምንም ሳትናገር የአውራ ጣቷን ጥፍር አንዱ እብጠት ሥር አስገብታ ሳበችው። የመዳፍ ያህል ቀለም ሳይቆረጥ ተገፎ መጣ። ከሥሩ ያለው ብረት እንደ ሸክላ ቀልቷል።

«አይዞሽ እማዬ፣ ዛሬውኑ ቀለም አስመጥቼ እደርብበታለሁ» አልኳት።

«በላዩ ልትደርብበት?»

«ለነገው እንዲያምር ነዋ።»

«ይቅር» አለችኝ። «አንዴ ሸፍነኸዋል። እንዳለ ሰው ይየው።»

ሰዉም አየው። ማንም ምንም አላለኝም። ዝክሩ ተበላ፣ ጸሎቱ ደረሰ፣ ሁሉም መረቀኝ። እኔ ግን ያን ቀን ዓይኔን ከዚያ አጥር ላይ ማንሣት አልቻልኩም። ማታ የተላጠውን ቀለም በፖስታ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለምን እንደ ከተትኩት ያን ጊዜ አላውቅም። ምናልባት ቀለም ሻጩን ልከስበት አስቤ ይሆናል። ሰው ጥፋቱን የሚያሸክመው ፍለጋ ሲወጣ ብልሃቱ ብዙ ነው።

* * *

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ የኬሚስትሪ መምህር ባልደረባ አለኝ። ፖስታውን ከፍቼ «ይህን ውሸታም ቀለም እየው» አልኩት። ፊቱን ዐየና ገለበጠው። ጀርባውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋ።

«ቀለሙ ምን አጠፋ?» አለኝ። «ጀርባውን እይ።»

ጀርባው በቀይ ዱቄት ተሸፍኗል። ዝገት ነው።

«ቀለሙ የተሰጠውን ይዟል፤ እስከ ዛሬም አለቀቀም» አለ። «የሰጠኸው ግን ብረት ሳይሆን ዝገት ነው። ቀለሙ ዝገቱን ያዘ፣ ዝገቱ ብረቱን አልያዘም።»

ከዚያ ያስተማረኝን በራሴ አማርኛ ላስቀምጠው። ብረት ከመሬት ሲወጣ ብረት አይደለም፤ ከኦክስጅን ጋር የተጋባ አፈር ነው። ሰው ነው በእሳት የሚያፋታው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ብረቱ ወደ ቀድሞ ትዳሩ የሚመለስበትን ሰበብ ይፈልጋል፤ ሰበቡም ውሃ ነው። እርጥበት ባረፈበት ብረት ላይ አንዱ ነጥብ ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ በሌላው ነጥብ ላይ ውሃና ኦክስጅን ይቀበላሉ። እያንዳንዷ ጠብታ አንዲት ባትሪ ድንጋይ ሆነች ማለት ነው። ጨው ከታከለበት ባትሪው ይበረታል። ብረቱ ያልቃል፣ ዝገቱ ይበዛል።

ሁሉም ብረታ ብረት ግን እንዲህ አይደለም። አልሙኒየምም፣ ዚንክም፣ ነሐስም ከአየር ጋር ሲገናኙ የራሳቸውን ቆዳ ያበጃሉ፤ ቆዳቸውም አጥብቆ ይይዛቸዋል። ከእኛ አገር ሽቅብ፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ የተቀለጠው ሴባስቶፖል ነሐስ ነው። ከ1860 ዓ.ም. ጀምሮ መቅደላ ላይ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ኖሯል፤ ቀለም ቀቢ ግን አላስፈለገውም። የብረት ቆዳ ዝገት ነው። ዝገት ደግሞ ከተሠራበት ብረት ይበልጥ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይራገፋል። ከሥሩም አዲስ ብረት ለውሃ ይገለጣል። ብረት የሚያጣብቅ ቆዳ የለውም። ሰው ነው ቆዳ የሚያበጅለት።

ያ ቆዳ ፖሊመር ይባላል፤ ትንንሽ ሞለኪውሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። እንግዳ ነገር እንዳይመስለን። ተልባ ሁላችንም እናውቃለን። የተልባ ዘይት በስሱ ተቀብቶ አየር ሲያገኝ ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ፣ ሞለኪውሉ ከሞለኪውል እየተቆላለፈ፣ ወደ ጠንካራ ስስ ሽፋን ይለወጣል። የፈረንጅ ሠዓሊዎችና ቀለም ቀቢዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩት በዚህ ዘይት ነው። ዛሬ ከሱቅ የምንገዛው ሲንቴቲክ ቀለም ውስጥም የእንዲህ ያለ ዘይት ዝርያ አለበት። ቀለም «ደረቀ» ስንል ቲነሩ ተነነ ማለት ብቻ አይደለም፤ ሰንሰለቱ ተረበ ማለትም ነው።

«እንግዲህ ይህ ሽፋን ውሃ አያስገባም ማለት ነው» አልኩት።

«ያስገባል!» አለኝ። እዚህ ላይ ነው ያስገረመኝ። በፈረንጆቹ 1950 አካባቢ ሜይን የተባለ የእንግሊዝ አገር ተመራማሪ ጉዳዩን መርምሮ፣ በተራ ቀለም ሽፋን ውስጥ ሰርጎ የሚያልፈው ውሃና ኦክስጅን ያልተቀባ ብረትን ለማዛግ ከሚያስፈልገው እንደማያንስ አሳይቷል። ቀለም ጃንጥላ አይደለም። ውሃው አይቶት ያልፋል።

ታዲያ ቀለም ብረትን የሚያድነው በምን ተአምር ነው? በመያዙ። ፖሊመሩ ብረቱን ነጥብ በነጥብ ጨምቆ ከያዘው፣ ሰርጎ የገባው ውሃ የሚጠራቀምበት ሥፍራ አያገኝም። ጠብታ ካልሆነ ባትሪ አይሆንም። የፀጉር ያህል ክፍተት ካገኘ ግን እዚያ ይተኛል፣ ጎረቤቱን ይለያያል፣ ሠፈሩን ያሰፋል። ጨው ካለበትማ ይብሳል። የእጅ ላብ ጨው እንኳ ከቀለም ሥር ከቀረ ውሃውን በሽፋኑ ውስጥ ስቦ ያስገባዋል። ያ የባቄላ እብጠት ከዚህ የመጣ ነው።

መያዣውም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጥርስ ነው፦ የተፈተገ ብረት ሻካራ ስለሆነ ቀለሙ ገብቶ ይነክሰዋል። ሁለተኛው በሞለኪውሎች መካከል ያለው መሳሳብ ነው። ንጹሕ በሚባል ብረት ላይ እንኳ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የሰፈሩበት እጅግ ስስ ንጣፍ አለ። ኢፖክሲን የመሰሉ ፖሊመሮችም በሰንሰለታቸው ላይ የዚያው ዘመድ የሆኑ ጫፎች አሏቸው። ዘመድ ዘመዱን ይስባል። እያንዳንዱ መሳሳብ ደካማ ነው፤ በአንድ ጣት ሥፍራ ግን ቁጥር የሌለው ስለሆነ እንደ ደቦ ነው የሚበረታው። ችግሩ ርቀቱ ነው። መሳሳቡ የሚሠራው የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ያህል በሆነ ቅርበት ነው። በመካከል አቧራ፣ ዘይት፣ ዝገት፣ ጤዛ ካለ አይደራረሱም። ውሃ ደግሞ ራሱ የብረቱ ዘመድ ነው፤ ቀድሞ ከተቀመጠ ቦታውን ለቀለም አይለቅም።

እኔ ያን ሁሉ በአንድ ላይ አድርጌዋለሁ፦ በዝገት ላይ፣ በዘይት ላይ፣ በጤዛ ላይ፣ በላብ እጄ እያገላበጥኩ። «ይሸፍነዋል» ብዬ።

ባልደረባዬ ነገሩን ሲያጠቃልል ስለ ቆርቆሮም ነገረኝ። አዲስ ቆርቆሮ ዚንክ የተነከረ ነው። ለስላሳ ነው፣ ከፋብሪካም ቅባት ይዞ ይመጣል። ይህ ሳያንስ በዘይት የተሠራ ቀለም በቀጥታ ሲቀባበት ዚንኩ ከዘይቱ ጋር እየተዋሐደ ከሥሩ ሳሙና ያበጃል። አዎ፣ ሳሙና። ቀለሙ በሳሙና ላይ ቆሟልና ይንሸራተታል። ወረታ ገበያ በየሱቁ ጣሪያ ላይ እንደ ቅጠል የሚረግፈው ቀይና ሰማያዊ ቀለም ምስጢሩ ይኸው ነው። ለዚንክ የሚስማማ የራሱ የመጀመሪያ ቀለም ይፈልጋል።

* * *

በዚህ የተሞኘሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ሳውቅ ትንሽ ተጽናናሁ። አሜሪካኖች በፍሎሪዳ ደቡብ ጫፍ፣ በባሕር ላይ ከደሴት ወደ ደሴት የሚሻገሩ ረጃጅም ድልድዮች ሲሠሩ፣ የኮንክሪቱ ፌሮ እንዳይዝግ ኢፖክሲ የተለበጠ ፌሮ ተጠቀሙ። ጊዜው በእነርሱ አቆጣጠር የ1970ዎቹ መጨረሻና የ1980ዎቹ መባቻ ነው። ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1986፣ ከአንደኛው ድልድይ ምሰሶ ኮንክሪት ሲፈነቀል ፌሮው ዝጎ ተገኘ። ሲመረመር ልባጡ ከፌሮው ተላቋል፤ ጨዋማው ውሃ በመካከል ገብቷል። የእነዚያ መሐንዲሶች ልባጥ ከእኔ አረንጓዴ ቀለም እጅግ የተሻለ እንደ ነበር አያጠራጥርም። ውሃው ግን ስለ ልባጡ ዋጋ አልጠየቀም።

በተቃራኒው ደግሞ የስኮትላንዱ የፎርዝ ባቡር ድልድይ አለ። በ1890 የተከፈተ የብረት ተራራ ነው። ቀለሙ አያልቅምና፣ እንግሊዞች የማያልቅ ሥራን በእርሱ ይመስሉት ነበር። ለመቶ ዓመት በላይ በላዩ ላይ ሲደርቡ ኖሩ። በመጨረሻ ከ2002 እስከ 2011 ድረስ ያን ሁሉ ድርብርብ እስከ ባዶው ብረት አራግፈው፣ ብስባሽ የመስታወት ቅንጣት ያለበትን ኢፖክሲ ጨምረው በሦስት ደርብ ቀቡት። ቢያንስ ለሃያ አምስት ዓመት ይቆያል ብለው ተስፋ አደረጉ። ተረቱም እዚያ ላይ ቆመ። አንድ ጊዜ እስከ ሥሩ መፋቅ መቶ ጊዜ ከመደረብ በለጠ።

የመኪና ፋብሪካዎችም ቢሆኑ ቀለሙን ዝም ብለው አይረጩም። የመኪናው አካል በሳሙና ይታጠባል፣ ፎስፌት ባለበት ገንዳ ተነክሮ ብረቱ ላይ ስስ ሻካራ ንጣፍ ይበቅላል፣ ከዚያ በቀለም ገንዳ ውስጥ ገብቶ በኤሌክትሪክ ጉልበት ቀለሙ በየስርቻው ይለጠፋል። ከ1960ዎቹ ወዲህ የተለመደ አሠራር ነው። ገዢው የሚያየው የላይኛውን የሚያብለጨልጭ ቀለም ነው። መኪናውን የሚያኖረው ግን ገዢው የማያየው ነው።

* * *

በጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ፈቃድ ወስጄ ተመለስኩ። በቀጥታ ወደዚያው በያጅ ሄድኩ። እኔ በሱቁ ደጅ ቆሜ ይቅርታ የምጠይቅበትን ቃል ስፈልግ እርሱ ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ ለአጥሩ ነው የመጡት? እኔም እያለፍኩ ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ። ሰው እገሌ ነው የሠራው ይላል።»

ለካ ያ አጥር የእኔ ብቻ አልነበረም። የልጁ ስምም ተንጠልጥሎበት ኖሯል። ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ አሮጌውን ቀለም በመፋቂያ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ፣ በመጨረሻም በብርጭቆ ወረቀት አነሣን። ደብሩ ቅጥር ውስጥ መብራት ስለሌለ ሁሉም በእጅ ነው። አንግሉ ከፋብሪካ ግሎ ሲወጣ የለበሰው ጥቁር ቅርፊት እንኳ ሳይቀር ተፋቀ፤ እርሱም ከነቀለሙ የሚነሣ ነውና። ከብየዳው የቀረውን ቅርፊትና ፍንጣሪ ልጁ በመዶሻ እያራገፈ አለሰለሰው። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ሲደርቅ፣ በቲነር በራሰ ጨርቅ ጠረግነው። ጨርቁ እስኪነጣ ድረስ እየቀየርን። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ መንካት ክልክል ሆነ።

በማለዳ መቀባትም ቀረ። በጥር የፎገራ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ብረቱ በጤዛ ይርሳል። ደንቡ የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚይዝበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ማለት አለበት ነው የሚለው። እኛ ቴርሞሜትር አልነበረንም፤ ልጁ ግን የእጁን ጀርባ አስጠግቶ «ገና ነው» ይል ነበር። ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ጀመርን። የተፈተገ ብረት ሌሊቱን ካደረ መልሶ ይቀላልና፣ በቀን የፈተግነውን ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንቲረስት አለበስነው። ቀለም ከሹል ጠርዝ እየሸሸ ስለሚሳሳ፣ ጠርዙንና ብየዳውን ለብቻው አንድ እጅ ጨመርንለት። የቋሚዎቹ እግር ሲሚንቶ ውስጥ በገባበት ሥፍራ ውሃ እንዳይተኛ ተዳፋት አበጀን።

እናቴ በሁለተኛው ቀን ቆሎ ይዛ መጣች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስናሽ፣ ስንጠርግ፣ ስናሽ፣ ስንጠርግ ብዙ ሰዓት ተመለከተችን። በመጨረሻ «አሁን ገና ማሟሸት ጀመራችሁ» አለች።

«ምን አልሽ እማዬ?»

«አዲስ ምጣድ ገዝተሽ በቀጥታ ሊጥ ታፈሺበታለሽ? መጀመሪያ ይግላል፣ እርጥበቱ ይወጣል፣ ከዚያ ጎመን ዘር ይታሽበታል። ሳይግል ብታሺበት አይጠጣውም፤ ላዩ ላይ ቀርቶ ከእንጀራው ጋር ይነሣል። አንድ ቀን ሙሉ የሚለፋበት ሴት አለች።» ሴት ልጅ የምታስተምር ይመስል «ሽ» እያለች ነው የምትነግረኝ። በያጁ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ቲነሩ ጎንበስ አለ።

እኔ አልሳቅኩም። ባልደረባዬ በሰሌዳ ላይ ሥሎ የነገረኝ በሙሉ እዚያ ምጣድ ላይ አለ። የጎመን ዘር ዘይት በጋለ ሸክላ ላይ ሲታሽ በቀዳዳዎቹ ይሰርጋል፤ ሙቀቱም ሞለኪውሉን ከሞለኪውል ያቆላልፈዋል። ፖሊመር ማለት ነው። እናቴ ይህን ስታደርግ ኖራለች፤ የማታውቀው ስሙን ብቻ ነው። ስሙን ከሰማሁ በኋላም ነገሩ የገባኝ ግን «ማሟሸት» ስትል ነው። የሰኔው ቀለም ያልተሟሸ ምጣድ ላይ የተጋገረ እንጀራ ነበር።

በአራተኛው ቀን አረንጓዴው ሁለት እጅ ተቀባ። ሳምንት ቆይተን ሞከርነው። በአጥሩ ውስጠኛ ጎን፣ ከዓይን በተሰወረ ሥፍራ፣ በምላጭ ስድስት መስመር በቁም፣ ስድስት በአግድም ጫር አድርገን ፕላስተር ለጠፍንበትና በአንድ ጊዜ መነጨቅነው። ፕላስተሩ ባዶውን መጣ። ልጁ ፕላስተሩን በብርሃን አይቶ ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔ ለእናቴ ሰጠኋት። እርሷ ግን በፕላስተር አላመነችም። ወደ አጥሩ ሄዳ በአውራ ጣቷ ጥፍር አንድ ሦስት ሥፍራ ሞከረች።

«ጥፍሬ አልገባም» አለች። ከአንድ ዓመት ወዲህ ከእርሷ የሰማሁት ትልቁ ምስጋና ይኸው ነው።

* * *

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክረምት አለፈ። እንደ ልብ ተሂዶ የማይመጣበት ጊዜም መጣ። አጥሩ እኔ ሳልኖር ብቻውን መቆም ነበረበት፤ ቆመም። አልፎ አልፎ ሳስበው፣ ያን ጊዜ መንገድ ክፍት ሳለ፣ አባቴም በሕይወት ሳለ፣ የሚያስፈልገው ጉዞ እንጂ አጥር አልነበረም። ያን በምንም ቀለም ማስተካከል አይቻልም። ነገር ግን ቢያንስ ዝገቱን ከሥሩ ፍቄ አይቼዋለሁ።

ባለፈው እናቴ ደወለችልኝ። ስለ ሩዙ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ጤናዬ ካወራች በኋላ በመጨረሻ «በምሥራቅ በኩል ካለው ቋሚ እግር ሥር የጣት ያህል ዝገት ወጥቷል» አለችኝ። ቦታውን አወቅሁት። በመጀመሪያው ቀን ሲመሽብን፣ ለሻይ የቸኮልኩት እኔ ራሴ የፈተግሁት ቋሚ ነው።

ለበያጁ ደወልኩለት። አሁን ባለ ትዳር፣ ሁለት ሠራተኛ የቀጠረ ሰው ሆኗል።

«ያቺን ቦታ ብቻ እስከ ብረቱ ፈትግልኝ» አልኩት። «በደንብ ይድረቅ። ጤዛው ይርገፍ። አትቸኩል።»

ትንሽ ዝም አለና ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ ይህን የሚሉት እርስዎ ነዎት?»